የልጄ የስኳር መለኪያ ሴንሰር በድሬ ሙቀት አራት ቀን አልቆይ አለ

የሚኪ እናት (ድሬዳዋ)

ሰላም እንዴት ናችሁ። ጥያቄዬ አጭር ናት፤ ወሬዬ ግን ትረዝማለችና ታገሱኝ።

ልጄ 9 ዓመቱ ነው። ስኳር ከያዘው ሁለት ዓመት አልፎታል። ዓይነት አንድ የሚሉት፣ በኢንሱሊን የሚኖረው። እስከ ባለፈው ጥቅምት ድረስ በቀን አምስት ስድስቴ ጣቱን እየወጋን ነበር የምንለካው። የጣቶቹ ጫፍ ወንፊት መስሎ ነበር። ዱባይ ያለችው እህቴ በቪዲዮ ስታወራው ጣቱን አሳያት። ምንም አላለችም፣ ስልኩን ዘጋች። ከሦስት ሳምንት በኋላ በመንገደኛ ሊብሬ 2 የምትባል የስኳር መለኪያ ሴንሰር፣ ከነማንበቢያዋ ከነሪደሩ ደረሰኝ። የለስላሳ ቆርኪ የምታህል፣ ክንድ ላይ የምትለጠፍ ነገር ናት። ሪደሩን ጠጋ ስታደርጉት ቁጥሩን ይነግራችኋል፤ ስኳሩ ሲወርድም ይጮኻል።

አንዷ 14 ቀን ትቆያለች ይላል። ኅዳርና ታኅሣሥ እንደተባለውም ሞላች። ከሚያዝያ ወዲህ ግን አቦ ተዉኝ! የመጀመሪያዋ በስድስተኛው ቀን ወደቀች። ቀጣይዋ በአራተኛው። ሦስተኛዋን የት እንዳገኘኋት ልንገራችሁ፤ ልብስ ሳጥብ፣ የዩኒፎርሙ እጅጌ ውስጥ። የልጄ ክንድ ላይ አልያዝ ያለችው ጨርቁን እንዴት አድርጋ እንደያዘችው! በጥፍሬ ነው የላጥኳት።

ሰው ከዱባይ እስኪመጣ ተጠብቆ፣ ሻንጣ ውስጥ ቦታ ተለምኖ ነው የምትመጣልኝ። እህቴ ደግሞ ሰው ቤት ሠርታ ነው የምትገዛው። «ወደቀች» ብዬ መንገር ያሳፍረኛል። አንዷን ጭራሽ ደብቄያታለሁ፤ እዚህ እንደማትገባ ስለማውቅ ነው የምናዘዘው።

የሞከርኩት ይኸው። ነጩን የፋርማሲ ፕላስተር ዙሪያዋን ለጠፍኩ። ያዘ። ሲነሳ ግን ከነቆዳው ነው የተነሳው፤ ሚኪ ሁለት ቀን አኮረፈኝ። በፋሻ ጠመጠምኩ፤ ሥሩ በላብ ተቀቅሎ በሦስተኛው ቀን ለቀቀ። የካልሲ አንገት ቆርጬ እንደ እጅጌ አጠለቅኩለት፤ ለሌሊት ደህና ነው፣ ቀን ኳስ ሲጫወት ግን ክርኑ ላይ ነው የማገኘው። ጫማ ሰፊው ጎረቤታችን «ማስቲሽ ቀቢው፣ እስከ ፋሲካ አይለቅም» አለኝ። እየሳቀ ነው ያለው። እውነቱን ልንገራችሁ፣ አንድ ቀን የምሬን አስቤበታለሁ።

አለጣጠፌ እንዲህ ነው። ጠዋት አጥበዋለሁ፣ ቅባቱን ቀብቼ አለብሰዋለሁ፣ ክንዱን በአልኮል ጥጥ ጠረግ አድርጌ እለጥፍና ወደ ትምህርት ቤት። ከዚያ ባጃጅ ነው፣ ከዚያ ፀሐይ ነው፣ ከዚያ ሳቢያን ሜዳ ላይ ኳስ ነው።

እናንተ ምን ተጠቅማችሁ ነው የሚቆይላችሁ? እዚህ የሚገኝ ነገር ብትነግሩኝ ይበልጥ ደስ ይለኛል። ደግሞ ግማሽዋ ተነስታ ግማሽዋ ከያዘችስ፣ ቁጥሯን ማመን ይቻላል?


ባለታክሲው (ላስ ቬጋስ)

እግዜር ይማርልሽ የሚኪ እናት። እዚህ ቬጋስ ታክሲ እነዳለሁ። የኔ ዓይነት ሁለት ነው፣ ግን እኔም ኢንሱሊን ላይ ነኝ።

ሙቀት ካልሽ እኛም አናንስም። እ.ኤ.አ. ጁላይ 7 ቀን 2024 እዚህ 120 ፋራናይት ገባ፤ በእናንተ አቆጣጠር 49 ዲግሪ ለመሙላት ጥቂት ነው የቀረው። ለከተማዋ ያ አዲስ ሪከርድ ነው። እኔ ያን ሰሞን ኤርፖርት ሰልፍ ላይ ነበርኩ፣ ሴንሰሬ ንቅንቅ አላለም። የወደቀብኝ መቼ እንደሆነ ልንገርሽ? በፌብሩዋሪ፣ በብርዱ።

ነገሩ ቀበቶው ነው። የሾፌር ቀበቶ እዚህ በግራ ትከሻ በኩል ነው የሚመጣው። በቀን ሃያ ሰላሳ ጊዜ ወርጄ ሻንጣ አወጣለሁ፣ ተመልሼ እታሰራለሁ። በወጣሁ በገባሁ ቁጥር ቀበቶው የሴንሰሩን ጠርዝ ነካ ያደርጋታል። በአንድ ጊዜ አይነቅላትም፤ ትንሽ ትንሽ እያለ ያነሳታል። እኔ ፀሐዩን ስረግም ከረምኩ። ወደ ቀኝ ክንዴ ካዞርኩት ወዲህ፣ ቦታዋን ከፍ ዝቅ እያደረግኩ፣ አንድም አልወደቀብኝም።

ስለዚህ ላቡን ከመክሰስሽ በፊት ልጁን አንድ ቀን ተከተዪው። ቦርሳውን በየትኛው ትከሻ ነው የሚያንጠለጥለው? ባጃጁ ላይ በየት በኩል ነው የሚቀመጠው? የዩኒፎርሙ እጅጌ ላስቲክ አለው?

እኔ የማደርገው ዴክስኮም ጂ7 የሚባለውን ሌላ ዓይነት ሴንሰር ነው። እሱ ዙሪያውን የሚይዝ ተጨማሪ ፓች ሣጥኑ ውስጥ አብሮት ይመጣል። ሊብሬ ላይ የሚለጠፈውን ለብቻ መግዛት አለብሽ፤ ወይ ቆርጦ መሥራት ነው።

ሌላ የራሴን ጥፋት ልጨምርልሽ። ሁለት መጠባበቂያ ሴንሰር ታክሲው መሳቢያ ውስጥ ረስቼ አንድ ሙሉ የበጋ ሳምንት አለፈ። የቆመ መኪና እዚህ ምጣድ ነው። በኋላ አንዷን ስለጥፋት አልነሳ አለች፣ ሁለተኛዋም እንደዚያው። የሚያመጣልሽ ሰው በእጁ ይያዘው፣ አውላላ ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ውስጥም አይተወው።


ታዛቢ

ይቅርታ አድርጊልኝና፣ ሙቀቱ እስኪያልፍ በጣት ብትለኪውስ? ድሮም በጣት ነበር። ይሄ ሁሉ ጭንቀት ለአንድ ፕላስተር?


የሚኪ እናት (ድሬዳዋ)

ወንድሜ ክፉ እንዳላሰብክ ገብቶኛል። በጣትም እለካለሁ፣ አልተውኩም። ግን አንድ ሌሊት ልንገርህ።

በዚህ ወቅት ግቢ ውስጥ ፍራሽ አውጥተን ነው የምንተኛው። ቤቱ ምድጃ ነው። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ሪደሩ ጮኸ። 61 ይላል። ሚኪን ስነካው ላብ በላብ ነው። ስኳር የወረደበት ልጅ ያልበዋል፣ ይህን ሐኪሙ ነግሮኛል። ግን አጠገቡ የተኛችው እህቱም ላብ በላብ ናት! እኔም! ድሬ ላይ ላቡን አይተህ የቱ የሙቀት፣ የቱ የስኳር እንደሆነ በምን ትለያለህ? ጣቱን ወጋሁት፤ 58። በስኳር ውሃ ነው የመለስኩት። ያን ሌሊት ሴንሰሯ ባትኖር እኔ ላቡን አይቼ ገልበጥ ብዬ እተኛ ነበር። ሌላ አገር ላይ ላብ ምልክት ነው። እኛ ጋ ልብስ ነው።

አሁን የማይገባኝ ደግሞ በሦስተኛው ሌሊት እንደገና ጮኸ፤ 57። ደንግጬ ማር አላስኩት፣ ከዚያ ነው ጣቱን የወጋሁት። 143! በግራው ጎኑ ነበር የተኛው፤ ሴንሰሯም ግራ ክንዱ ላይ ነበረች። ይህን የሚያውቅ ካለ ይንገረኝ።

የቬጋሱ ወንድሜ፣ ዛሬ ተከተልኩት። ቦርሳውን በግራ ነው የሚያንጠለጥለው። ባጃጁም ላይ በግራ በኩል፣ ብረቱን ተደግፎ ነው የሚቀመጠው። አቦ ዓይንህን አያሳጣኝ!


ሐያት (ጅዳ)

አሰላሙ ዓለይኩም የሚኪ እናት። ዓይነት አንድ ነኝ፣ ስድስተኛ ዓመቴ ነው። ሰው ቤት እሠራለሁ፤ ውሎዬ ኩሽና ነው።

የቬጋሱ ወንድማችን ሙቀቱ ደረቅ ነው፣ ታድሏል። ጅዳ ባሕሩ አፍንጫዋ ሥር ነው። ላብሽ የሚሄድበት የለውም፣ እላይሽ ላይ ይቀመጣል። ከሻወር ወጥቼ ፎጣውን ሳልሰቅል መልሼ እርጥብ ነኝ። ስለዚህ ስለ ላብ እኔን ስሚኝ።

መጀመሪያ ግን «ቅባቱን ቀብቼ» ብለሽ የጻፍሽው ጋ ስደርስ ብቻዬን ሳቅኩ። እኔም እንደዚያው ነበርኩ። እናቴ በቫዝሊን ነው ያሳደገችኝ። ያልተቀባ ልጅ ከቤት አይወጣም፤ «አመድ ላይ ተንከባለልሽ ወይ» ይባላል። አልኮል ግን ቫዝሊንን አያነሳውም፣ ያንሸራሽረዋል እንጂ። ያንቺ ሴንሰር የተለጠፈችው ሚኪ ላይ አይደለም፣ ቫዝሊኑ ላይ ነው። ፀሐይ ሲነካው ደግሞ ቫዝሊኑ ይቀልጣል። እጅጌው ላይ የያዘችው ለምን ይመስልሻል? እጅጌው አልተቀባማ!

የኔን አለጣጠፍ ልንገርሽ። ለሁለት ቀን ያን ክንድ ምንም አልቀባውም። የምለጥፈው ማታ ነው፤ ሥራ አልቆ፣ ታጥቤ፣ ክፍሌ ውስጥ ኤሲ ሥር ግማሽ ሰዓት ተቀምጬ ሰውነቴ ሲረጋ። ከሻወር እንደወጣሽ አትለጥፊ፤ ቆዳው ገና ውሃ እየተፋ ነው። ሳሙናውም ክሬም ያለበት አይሁን፤ የልብስ የመሰለው ደረቁ ሳሙና ይሻላል። ከዚያ አልኮል። አልኮሉን እፍ እፍ አትበዪው፣ በራሱ ይድረቅ። እኔ አፍንጫዬን አስጠጋለሁ፤ ሽታው ከጠፋ ደርቋል ማለት ነው።

ላቡ ለሚበረታ ሰው ደግሞ የብብት ላብ ማቆሚያ አለ። ሽቶው ሳይሆን ላብ የሚያቆመው ዓይነት። ከመለጠፌ በፊት ክንዴ ላይ እቀባና አሥር አሥራ አምስት ደቂቃ ቆይቼ በአልኮል እጠርገዋለሁ። ይህን ከስፖርተኞች ነው የሰማሁት፤ እኔን ጠቅሞኛል።

ከዚያ ስኪን ታክ የሚባል በትንሽ ወረቀት የታሸገ ማጣበቂያ አለ። እንደ አልኮል ጥጡ ነው፣ ግን ሙጫ አለው። እንደ ቀለበት ዙሪያውን ብቻ ነው የምቀባው፤ መሐሉን፣ መርፌዋ የምትገባበትን ባዶ እተዋለሁ። ወዲያው አትለጥፊ። ጣትሽን ነካ አድርገሽ ስታነሺ እንደ ማር ሳብ ሲያደርግሽ ያን ጊዜ ነው። ለጥፈሽ ስታበቂ በመዳፍሽ ሸፍነሽ ሁለት ደቂቃ ያዢው፤ የእጅ ሙቀት ሙጫውን ያስገባዋል። እኔ ያን ጊዜ አያተል ኩርሲ እቀራለሁ፤ አንቺ አባታችን ሆይ በዪበት።

ከላይ ደግሞ ኳስ ተጫዋቾች ጉልበታቸው ላይ የሚለጥፉት ባለ ቀለም ጨርቅ አለ፤ ኪኔሲዮ ቴፕ። ይተነፍሳል፣ ክንድ ሲታጠፍ አብሮ ይለጠጣል። በአራት ማዕዘን አትቁረጪው፤ ጥግ ያለው ሁሉ ከጥጉ ይነሳል። ክብ አድርጊው። ስትለጥፊም ጠርዙን አትሳቢው፤ ከሳብሽው ወደ ቦታው ልመለስ ብሎ ሲታገል ይነሳል።

ፋሻ ግን ተዪ እህቴ። ላብ የምትቀቅዪበት ድስት ነው።


ሲስተር (አዲስ አበባ)

ነርስ ነኝ፣ የስኳር ክትትል ክፍል ውስጥ ነው የምሠራው። ሐያት የጻፈችውን ለታካሚዎቼ ልሰርቀው ነው። የጎደለውን ብቻ ልሙላ።

ማታ ለጥፊ የተባለው በቂ ምክንያት አለው። የዚህ ሙጫ ጥንካሬ ከቆዳ ጋር በቆየ ቁጥር ይጨምራል። የመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ላይ ገና ደካማ ነው። አንቺ ጠዋት ለጥፈሽ ወዲያው ወደ ባጃጅና ወደ ኳስ ስትልኪው፣ ሙጫው ሳይረጋ ላቡ ደረሰበት ማለት ነው። ማታ ከለጠፍሽ ሌሊቱን ሙሉ ይይዛል። ሊብሬ 2 ከተለጠፈች በኋላ ማንበብ እስክትጀምር 60 ደቂቃ ስለምትፈልግ፣ እራት ላይ ብትለጥፊ ሳትተኚ ቁጥሯን ታያለሽ።

ስለ ሌሊቱ 57። ልጁ ክንዱን ተጭኖት ነው። ከቆዳው ሥር የገባችው ክር ግማሽ ሴንቲሜትር ገደማ ናት፤ የምትለካው ደሙን ሳይሆን በሴሎቹ መሐል ያለውን ፈሳሽ ነው። ሲተኛበት ፈሳሹ ስለሚገፋ ስኳሩ የወረደ ያስመስላል። ገልበጥ ሲል ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ቁጥሩ ይመለሳል። ቢሆንም ጣቱን መውጋትሽ ልክ ነው። ልጁ ከተንቀጠቀጠ ወይም ካልነቃልሽ ግን ምርመራ አትጠብቂ፤ እንደ መውረድ ቁጠሪው። የማይነቃ ልጅ አፍ ውስጥ ማርም ውሃም አይገባም፤ ሆስፒታል ነው።

ሙቀት ኢንሱሊኑንም ያፈጥነዋል። ቆዳው ሲሞቅ የደም ሥሩ ይከፈታል፣ የተወጋው ቶሎ ይገባል። ኳስ ሲጨመርበት ሌሊት የመውረዱ ነገር ከዚያ ሊሆን ይችላልና መጠኑን ለሐኪሙ አንሺለት። በራስሽ አትቀንሺ።

ግማሽዋ የተነሳች ሴንሰር፦ ጠርዟ ብቻ ከሆነ የተነሳውን በመቀስ ከርክመሽ ዙሪያውን በቴፕ ያዢያት። የሊብሬ 2 መሐል ላይ ያለችውን ቀዳዳ ግን አትሸፍኚ። መሐሏ ከተነሳ ክሯ ወጥታለች፤ መልሰሽ አትጫኛት፣ ቁጥሯንም አትመኚ። ሥሯ ሙጫ ጠብ ማድረግም አይሆንም። የማስቲሹን ነገር ሳነብ ልቤ ነው የቆመው!

ስትነቅዪ የምግብ ዘይት ወይም የሕፃን ቅባት ጠርዙ ላይ ጠብ አድርጊና ጠብቂ። ቫዝሊንሽም እዚህ ጋ ሥራ አገኘ። ቆዳውን በአንድ እጅ ወደ ታች እየያዝሽ በዝግታ ላጪው። አዲሷን ሌላኛው ክንድ ላይ፤ ያኛው ቆዳ ይረፍ።

አንድ ነገር ተከታተዪ። የላብ ሽፍታ ትናንሽ ነጥብ ነው፣ ቶሎ ይጠፋል። ሙጫው የነካው ቦታ ልክ እንደ ማኅተም ክብ ሆኖ ከቀላ፣ ካሳከከ፣ ውሃ ከቋጠረ ግን አለርጂ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 የቤልጅየም የቆዳ ሐኪሞች በዚያን ጊዜው ሊብሬ ውስጥ አይሶቦርኒል አክሪሌት የሚባል ንጥረ ነገር ለዚህ ምክንያት እንደሆነ ጽፈው ነበር። ኩባንያው ከዚያ ወዲህ አሠራሩን ቀይሯል፤ ግን ቆዳው እንደዚያ ከሆነ ቴፕ በመደራረብ አይፈታም፣ ለሐኪም አሳዪው።

የታሸጉትን ደግሞ እሽጉ ላይ ከተጻፈው ዲግሪ በላይ አታስቀምጪ፤ ቁጥሩን እዪ። የድሬ ቁም ሣጥን አይሆንም። ፍሪጅ በር ላይ ከኢንሱሊኑ አጠገብ፤ ፍሪዘር ውስጥ ግን በፍጹም። ከመለጠፍሽ በፊት እሽጉ ሳይከፈት ቀድመሽ አውጪው፤ ቅዝቃዜው ላብ ያወጣል።


ዓይናለም

ሲስተር፣ ጠበል መጠመቅስ ይቻላል? እናቴ በዚህ ምክንያት ሴንሰር አላደርግም ብላ አስቸግራኛለች።


ሲስተር (አዲስ አበባ)

ይቻላል። ሊብሬ 2 እስከ 1 ሜትር ጥልቀት ለ30 ደቂቃ ውሃ ይችላል። ከላይ የሚወርደው ምንም አይለውም። የሚነቅለው ከዚያ በኋላ በፎጣ መፈተግ ነው። እናትሽ በነጠላ ጫን ጫን እያደረጉ ያድርቁት። ጠበል እየጠጡ ኢንሱሊኑን እንዳያቆሙ ብቻ ጠብቂያቸው፤ ሁለቱ አይጣሉም።


የሚኪ እናት (ድሬዳዋ)

ሰላም፣ ተመልሻለሁ። ከአንድ ወር በላይ ሆነ። ጥያቄ ጠይቀው የሚጠፉ ሰዎች ያናድዱኛል፣ ስለዚህ ሪፖርቴ ይኸው።

ስኪን ታክ እዚህ ፈልጌ አጣሁ። ላብ ማቆሚያውንም አልሞከርኩም፤ የልጅ ቆዳ ነው ብዬ ፈራሁ። ኪኔሲዮ ቴፑን ግን ፊዚዮቴራፒ ከምትሠራ የጎረቤት ልጅ አገኘሁ፤ ከጥቅል የተረፈ ሰማያዊ። ስለዚህ የሞከርኩት ቅባት ማቆም፣ ማታ መለጠፍ፣ ወደ ቀኝ ማዞርና ቴፑን ብቻ ነው።

ከሁሉም የከበደኝ ቅባቱ ነው፤ አትሳቁ። ሁለት ቀን ሙሉ አንዱን ክንድ ሳልቀባ ስልከው፣ ሰው «እናት የለውም ወይ» የሚል እየመሰለኝ ተሸማቀቅኩ። ጎረቤቴ እውነትም አየችው። «የልጅሽ አንድ እጅ ነጣ፣ ምን ነክቶት ነው?» አለችኝ። ለምን እንደሆነ ሳስረዳት ቆይታ «ታዲያ ሁለቱንም አትቀቢው፣ እኩል ይሁን» አለች። ይህም አንድ ሐሳብ ነው።

ኤሲ የለንም። ማታ 3 ሰዓት ላይ ግቢው ነፈስ ሲል ቬንቲሌተሩን ፊቱ አቁሜ ሃያ ደቂቃ አስቀመጥኩት። መብራት ሄደ። በካርቶን እያራገብኩ ጨረስኩ። ታጥቦ፣ አልኮል ተቀብቶ፣ ሐያት እንዳለችው አፍንጫዬን አስጠግቼ አሸትኩ። ሚኪ «እማዬ እንደ ዶሮ ወጥ አሸተትሽኝ» ብሎ ሲስቅ ክንዱ እየተንቀጠቀጠ አስቸገረኝ። በመዳፌ ይዤ አባታችን ሆይን ሁለቴ አልኩ። ልክ ሁለት ደቂቃ አይሞላም፣ ሦስተኛውን ጨመርኩ።

ቴፑን ክብ ለማድረግ የሻይ ብርጭቆ ደፍቼ በእስክርቢቶ ዙሪያውን አሰመርኩ። ለመሐሏ ቀዳዳ ጨርቁን አራት አጥፌ ጫፉን በመቀስ ቀነጠብኩ። የመጀመሪያው ቀዳዳ ሰፍቶ ሴንሰሯን ሙሉ አሳየ፤ ያው እንደዚያው ለጠፍኩት፣ ጠርዟን ከያዘ ይበቃል ብዬ።

14 ቀን ሞላች። ሪደሩ ራሱ «አበቃ» ሲል ነው የነቀልኳት። በዘይት ላጥኳት፣ ቆዳው ምንም አልሆነም። ለእህቴ ፎቶ ላክሁላት። የደበቅኩባትንም ያን ቀን ነገርኳት። «ሦስት እንደወደቁ አውቄ ነበር፣ መቁጠር እችላለሁ» አለችኝ።

ሁለተኛዋ በ11ኛው ቀን ሄደች። ላቡ አይደለም፤ በር ላይ ሲሮጥ ከመቀርቀሪያው ብረት ጋር ተገጣጠመ። ለዚህ መድኃኒት ያለው ሰው ካለ ይጻፍልኝ። ሌሊት የሚጮኸው ቀንሷል። ሐኪሙም የማታውን ኢንሱሊን አስተካክሎለታል።

ሐያት፣ እህቴ ከጅዳም ከዱባይም መንገድ ሲገኝ ስኪን ታክ እሞክራለሁ፤ አላህ ያክብርሽ። ሲስተር፣ ሁለቱ የቀሩት ፍሪጅ በር ላይ ናቸው፤ መብራት ሲጠፋ ከኢንሱሊኑ ጋር በፌስታል አስሬ እርጥብ አሸዋ የሞላሁት የሸክላ ማሰሮ ውስጥ አስገባቸዋለሁ። የቬጋሱ ወንድሜ፣ ቦርሳውን በሁለት ትከሻ ያዝ ብዬው «የሕፃን ነው» ብሎ እምቢ አለኝ። ቴፑ ላይ 10 ቁጥር ጻፊልኝ አለና ተደራደርን።

አሁን ያለችው ግራ ክንዱ ላይ ናት፣ 10 ቁጥሯ፣ ሰባተኛ ቀኗ። ዛሬ ጠዋት አንዱ ጎኗ ትንሽ ተነስቶ ነበር፤ በመቀስ ከርክሜያታለሁ።